የምንመካበትና የዘነጋነው፦ ስለ ደበበ እሸቱ ፊልሞች

ስለ አንጋፋው ተዋናይ ስለ ደበበ እሸቱ በተነሣ ቁጥር፣ በጋዜጣ ዐምድም ይሁን በሬዲዮ ወግ፣ በአዲስ አበባም ይሁን እኔ በምኖርበት በዱባይ አል ባርሻ ጥቂት ወገኖች ቡና ከበው በተቀመጡበት ቤት፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ሆሊውድ ባወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተሰኘው ፊልም ውስጥ መጫወታቸው ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመድረክ ሥራቸው በክብር ይወሳል፤ በመጨረሻም፣ ጊዜ ከተረፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በእስራኤል የተሠራው «ቀይ ቅጠሎች» የተባለው ፊልም እንደ ምራቂ ተጨምሮ ይታለፋል። ይህ ቅደም ተከተል እንዲያው በልማድ የመጣ ይመስል ይሆናል፤ ለእኔ ግን አንድ ሙሉ ፍርድ በውስጡ ተሸሽጎ ይታየኛል። ፍርዱም የኢትዮጵያዊ ተዋናይ ክብር የሚመዘነው የባዕድ ካሜራ፣ ይልቁንም የአሜሪካ ካሜራ፣ ባየው መጠን ነው፤ ፊልም ለመድረክ ሰው ጌጥ እንጂ ዋና ግብር አይደለም፤ ከውጭ አገር የመጣ ውዳሴም አይመረመርም የሚል ነው። ይህን ፍርድ በሦስቱም ወገን እቃወማለሁ። የምንመካበት ፊልም ደበበን እንደ ጌጥ የተጠቀመ፣ አገራችንንም ከጀግናው ኋላ እንደ መጋረጃ የዘረጋ ሥራ ነው፤ የዘነጋነው ፊልም ግን አብዛኛው ንግግሩ በአማርኛ ልሳን የሆነ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእርሳቸው ትከሻ ላይ የቆመ፣ ስለ እኛ ስለ ስደተኞቹና ስለ አባቶቻችን የሚናገር፣ ከታላላቅ የትወና ሥራዎቻችን ተርታ የሚሰለፍ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ዘንድ የታላቅን ሰው ሥራ መመርመር እንደ ድፍረት ይቈጠራል፤ ሽበት የተከበረበት ሕዝብ ልጆች ስለሆንን ይህ ጠባይ ከክፋት የመጣ አይደለም። ነገር ግን ሊቃውንቱ የመጻሕፍትን ቃል ነጠላ በነጠላ እየፈቱ፣ አንዱ አንድ ሲል ሌላው «አንድም» እያለ ሲከራከሩ የኖሩበት አገር፣ መጽሐፉን ያከበረው በመጠየቁ መሆኑን መርሳት አይገባውም። የተዋናይ ሥራም እንዲህ ያለ ትርጓሜ ይገባዋል። ያለ ምርመራ የሚሰጥ ውዳሴ ለሠሪው ድካም ዋጋ አይሆንም፤ ምን እንደ ሠራ ያላየ ሰው ስለ ሥራው ሊያመሰግነው አይችልምና።

እንግዲህ ወደ ፊልሙ እንግባ። «ሻፍት» የተባለው የጥቁር አሜሪካዊ መርማሪ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1971 በጎርደን ፓርክስ አዘጋጅነት ሲጀመር ታላቅ ነገር ነበር፤ መሪ ተዋናዩ ሪቻርድ ራውንድትሪ በኒው ዮርክ ጎዳና ቀና ብሎ ሲራመድ፣ ለማንም አንገቱን ሳይሰብር ሲናገር ማየት ለዚያ ዘመን ጥቁር ተመልካች ምን ያህል የልብ ምግብ እንደ ነበረ የማይረዳ ሰው ስለ ሲኒማ ባይናገር ይሻላል። ሦስተኛው ክፍል ወደ እንግሊዛዊው አዘጋጅ ወደ ጆን ጊለርሚን እጅ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። መርማሪው ወደ አፍሪካ ተላከ፤ የተላከበትም ምክንያት፣ ወጣት አፍሪካውያንን በሥራ ተስፋ እያታለለ ወደ ፓሪስ የሚያሻግርና በዚያ እንደ ባሪያ ጉልበታቸውን የሚበላ ማኅበር ስለ ተነሣ፣ ያንን ይበጥስ ዘንድ አንድ የአፍሪካ አሚር በገንዘብ ስለ ቀጠረው ነው። ፊልሙ በአገራችን ምድር ተቀረጸ፤ ተራራችን፣ ሜዳችን፣ ገበያችን በሰፊው ሸራ ላይ ታየ። ሰዎቻችንስ? አሚሩን የተጫወተው በጉያና የተወለደው ሳይ ግራንት ነው፤ ዓለሜ የተባለችውን ልጁን የተጫወተችው የሳን ፍራንሲስኮዋ ቮኔታ ማክጊ ናት፤ ደበበ እሸቱ ደግሞ ዋሳ የተባለውን ሰው ይዘው ከአጃቢዎቹ ጋር ተሰለፉ። የአሚሩ ሕዝብ በምድራችን ላይ ያልነበረ ነገድ ሆኖ ተፈጠረ። ከልማዶቻችን ሁሉ እጅግ የከበደው የሴት ልጅ ግርዛት እንኳ ተነሥቶ የጀግናው የመኝታ ቤት ድል ማድመቂያ ከመሆን አላለፈም።

ደበበ በዚህ ሥራ ውስጥ የሠሩት ክፉ ነው አልልም። የተሰጣቸውን በጥንቃቄ ሠርተዋል፤ ቁመናቸው ያማረ፣ ድምፃቸው የጠራ ነው። ግን አንድ ተዋናይ ሊሠራ የሚችለው የድርሰቱ ወሰን እስከ ፈቀደለት ድረስ ነው፤ ይህ ድርሰት ደግሞ ለዋሳ ያለፈ ሕይወት፣ የራሱ ምኞት፣ ከራሱ ጋር የሚሟገትበት ኅሊና አልሰጠውም። ሰው ሳይሆን አገልግሎት ነው። ስለዚህ «ሆሊውድ ሠሩ» ብለን ስንመካ የምንመካው በሥራቸው ሳይሆን በተገኙበት ቦታ ነው፤ ይህም ለተዋናይ የሚሰጥ እጅግ አነስተኛ ምስጋና ነው።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሌሎች ካሜራዎችም እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል። «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ለተመልካች በቀረበበት በዚያው በ1973፣ በጥቅምት ወር፣ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣውን የረኃብ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ያም ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ደግሞ ኃይሌ ገሪማ ከአሜሪካ መጥተው፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ፣ ትወና ተምረው ከማያውቁ ገበሬዎች ጋር፣ በጥቁርና በነጭ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። እንግዲህ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ካሜራዎች አንዲቱን አገር አዩ፤ አንዱ መልክዓ ምድሯን ወሰደ፣ አንዱ ሞቷን መሰከረ፣ አንዱ ገበሬዋ በራሱ አንደበት ሲናገር አዳመጠ። ከሦስቱ የትኛው ነው ለእኛ ለልጆቿ መመኪያ የሚሆነው? የወሎ እናቶች በመንገድ ዳር በሚወድቁበት ወራት በቀለም ያማረችውን ኢትዮጵያ ያሳየውን ፊልም እንደ ብሔራዊ ድል መቁጠራችን፣ ያን ዘመን በቅጡ እንዳልመረመርነው ያሳያል። ፊልሙ ረኃቡን አላስነሣም፤ አዘጋጁም የመንግሥት ምሥጢር ጠባቂ አልነበረም። እኛ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ሁሉ ከተገለጠ በኋላ፣ ምን እንደምናወድስ የመምረጥ ግዕዛን አለን።

«በር ከፋች ነበር» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። የትኛውን በር? የመርማሪው ተከታታይ ፊልም በዚያው አበቃ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስም ወደ ሲኒማ ቤት አልተመለሰም። በአገራችን አብዮቱ መጣ፤ ቀይ ሽብሩ፣ ሳንሱሩ፣ ስደቱ ተከታተሉ። እኔ የደበበ መሪ ሥራ የምለው ፊልም የመጣው ከ«ሻፍት ኢን አፍሪካ» 41 ዓመት ቆይቶ ነው፤ የላከውም ሆሊውድ ሳይሆን፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የተሰደደ አንድ ወጣት የፊልም ሠሪ ነው።

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ በ«ሻፍት ኢን አፍሪካ» ውስጥ አንድ እውነተኛ ዘር እንዳለ ለመካድ አልፈልግም፤ ያንንም ዘር የምንመካው እኛ ራሳችን አላየነውም። ታሪኩ ስለ ሰው ንግድ ነው። ድሀ ወጣቶች ደመወዝ ተነግሯቸው ይነሣሉ፤ በጭነት መኪና፣ በመርከብ ይጓዛሉ፤ በሰው አገር ጠባብ ቤት ውስጥ ተደራርበው ይተኛሉ። ይህን የምጽፈው ከአል ባርሻ ነው። በኦቦክ ወይም በቦሳሶ በኩል ባሕሩን ተሻግረው፣ የመንን በእግራቸው አቋርጠው ወደ ሳዑዲ የዘለቁ፣ ከዚያም ተባርረው በሌላ መንገድ ወደዚህ የመጡ ወገኖች በዙሪያዬ አሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የዱባይ ማዘጋጃ ቤት በዴራ፣ በሳትዋ፣ በአል ባርሻና በሌሎችም ሰፈሮች፣ ያለ ፈቃድ በኮምፔንሳቶና በመጋረጃ የተከፋፈሉ ቤቶችን ለእሳት አደጋ ጥንቃቄ ሲባል መመርመር ሲጀምር፣ ብዙዎች በአንድ ቀን ሻንጣቸውን ይዘው «ቤድ ስፔስ» የሚባለውን የአልጋ ኪራይ ፍለጋ ወጡ። የፓሪሱ የተጨናነቀ ቤት ለእነርሱ የፊልም ፈጠራ አይደለም። ታዲያ ፊልሙ ይህን ጉዳይ ካነሣ ለምን አላመሰግነውም? ምክንያቱም ዐይኑ ሁልጊዜ ከጀግናው ጋር ስለሆነ ነው። ተጓዦቹ የሚታዩት መርማሪው በመካከላቸው ስለ ተሸሸገ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲወጣ ካሜራውም አብሮ ይወጣል። ከመካከላቸው ማን እናቱን እንደ ተወ፣ ማን ብድር እንዳለበት፣ ማን ወደ አገሩ የሚመለስበትን ቀን እንደሚቈጥር አንሰማም። ስደተኛ ሆኖ ይህን ፊልም ያየ ሰው በራሱ ታሪክ ውስጥ እንደ ጭነት ተጭኖ ያልፋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው የተሳሳተ ፍርድ ልሻገር፤ ይኸውም ደበበ የመድረክ ሰው ናቸው፣ ፊልም ለእርሳቸው ትርፍ ነገር ነው የሚለው ነው። የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. ደጁን ከከፈተ ጀምሮ በአገራችን የተነሣው የተዋንያን ትውልድ በድምፅ የታነጸ ትውልድ ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ቃል ያለ ሙሉ ደረት አይነገርም፤ የመንግሥቱ ለማ ጨዋታ ያለ ስል አንደበት አይበራም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርኩ፣ ፊታቸውን ያላየ ሕዝብ ሙሉ መንደር በጆሮው አየ፤ በዚያ ዘመን ተዋናይ ማለት ከሁሉ በፊት ድምፅ ነበረና። ደበበም ከዚህ ትውልድ ናቸው፤ ለዚህም ትውልድ ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የመድረክ ሥራ ከመጋረጃው ጋር አብሮ የሚዘጋ መሆኑ ነው፤ ከዚያ ዘመን ትልልቅ ትርኢቶች ብዙዎቹ በሥዕል አልተያዙምና፣ ዛሬ ሃያ ዓመት የሆነው ወጣት ስለ እነርሱ የሚያውቀው ሌላው የነገረውን ብቻ ነው። ፊልም ግን ይቀራል፤ ማንም ሊመረምረው፣ ሊመልሰው፣ ሊከራከርበት ይችላል። ስለዚህ የተዋናዩን የፊልም ሥራ ወደ ጎን መተው፣ የሚመጣው ትውልድ ሊያየው የሚችለውን ብቸኛ ማስረጃ መጣል ነው። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ከባድ ነው። የመድረክ ድምፅ ወደ ፊልም ሲገባ ብዙ ጊዜ ይጎዳል። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ለዓመታት የታዩትን ፊልሞች አስቡ፤ ተዋናዩ በአንድ ክንድ ርቀት ላለች ሚስቱ፣ በሺህ ሰው አዳራሽ ፊት እንደቆመ ያህል ይናገራል፤ ኀዘኑን በቅንድቡ፣ ቁጣውን በጣቱ፣ ፍቅሩን በትንፋሹ ያስታውቃል፤ ካሜራው ቀርቦ ሳለ እርሱ አሁንም በኋለኛው ወንበር ላለው ተመልካች ይሠራል። ይህ የተዋንያኑ ስንፍና ሳይሆን ያደጉበት ትምህርት ዋጋ ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ከዚህ ትውልድ መካከል ድምፁን አስቀምጦ በፊቱና በአርምሞው ብቻ ሙሉ ሰው መሥራት የቻለ ማን ነው? መልሴ ደበበ እሸቱ ናቸው፤ ማስረጃዬም «ቀይ ቅጠሎች» ነው።

የባዚ ጌቴ ፊልም ታሪኩ ቀላል ነው። መሰጋንዮ ታደላ ሰባ አራት ዓመት የሆነው አባት ነው፤ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከቤተ ሰቡ ጋር ከመጣ 28 ዓመት ሆኖታል፤ ዕብራይስጥ እምብዛም አይናገርም፣ ሲናገርም ጥቂት ነው፤ የአባቶቹን ሥርዓት አጥብቆ ይዟል። ሚስቱ ሞታለች። ከመታሰቢያዋ በኋላ ለተሰበሰቡት ልጆቹ ቤቱን እንደ ሸጠና ከእንግዲህ በእነርሱ ዘንድ እንደሚኖር ይነግራቸዋል። ከዚያ ወዲያ ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ በዞረበትም ሁሉ የለመደው የአባትነት ሥልጣን እንደ ቀለጠ ያያል። አዘጋጁ የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» በልቡ ይዞ እንደ ሠራው የታወቀ ነው።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ሊር መንግሥቱን ያካፍላል፤ መሰጋንዮ ግን ያለው አንድ አፓርትማ ብቻ ነው። ሊር በወጀብ መካከል ቆሞ ሰማዩን ሲረግም በዓለም መድረክ ሁሉ የተዋንያን መፈተኛ የሆነ ታላቅ ንግግር አለው፤ ለመሰጋንዮ ግን እንዲህ ያለ ንግግር አልተጻፈለትም። ዕድሜውን በሙሉ ቃልን ሲያስተጋባ ለኖረ ተዋናይ ከዚህ የሚከብድ ፈተና አላውቅም፤ የሊርን ሥቃይ ሰጥተው የሊርን ምላስ ነሡት። ደበበም በዚህ ፈተና ውስጥ የሠሩት ሥራ ለእኔ ከሥራቸው ሁሉ ይበልጣል። ካሜራው በእጅ ተይዞ ወደ ፊታቸው ይቀርባል፤ እርሳቸው ግን ምንም አይጨምሩለትም። በልጁ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ የመሰጋንዮ አቀማመጥ የእንግዳም የባለቤትም አይደለም፤ ጀርባው ቀና ብሎ፣ ማንም ባይጠይቀውም ክብሩን እየጠበቀ ይቀመጣል። ሲራመድ የሚሄድበትን የሚያውቅ ሰው ይመስላል፤ የሚሄድበት ግን የለም። ልጆቹ በዕብራይስጥ ሲነጋገሩ ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ነገር መሰልቸት ልበለው፣ ንቀት ልበለው፣ ፍርሃት ልበለው እስካሁን ቁርጥ አላልሁም፤ በአንድ ፊት ላይ ሦስቱን አንድ ጊዜ ማኖር ደግሞ የትወና መጨረሻው ደረጃ ነው።

ከዚህም በላይ ደበበ ይህን ሽማግሌ አላቆላመጡትም። የሚያሳዝን አባት መጫወት ቀላል ነው፤ ተመልካቹ ራሱ እንባውን ይዞ ይመጣል። መሰጋንዮ ግን ክፉ ጎን አለው፤ ግትር ነው፣ ያዝዛል፣ ይዘልፋል፣ ልጆቹ በአዲሲቱ አገር ያደጉ ሰዎች መሆናቸውን ሊያይ አይፈቅድም። ተዋናዩ ይህን ሁሉ ሳይሸሽጉ፣ ይቅርታም ሳይለምኑለት ሠሩት፤ ስለዚህ ሰውዬውን እየወቀስነው እናዝንለታለን፣ እያዘንንለትም እንወቅሰዋለን። በዋሳና በመሰጋንዮ መካከል ያለው ርቀት ይህ ነው፤ አንደኛው ሲፈለግ የሚቀርብ ሰው ነው፣ ሁለተኛው ግን ማንም ሳይፈልገው መኖሩን የማይተው ሰው ነው።

«ይህ እኮ የእስራኤል ፊልም ነው፤ ስለ ቤተ እስራኤል እንጂ ስለ እኛ አይደለም» ይሉኛል። ይህን ክርክር ስሰማ ልቤ ይቆጣል። ቤተ እስራኤል ከጎንደርና ከሰሜን፣ ከትግራይም ተነሥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በረሃ ብዙ ሙታን ቀብረው የተሻገሩ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተጓዙ የዚህች አገር ልጆች ናቸው። የመሰጋንዮ 28 ዓመት ወደ ኋላ ቢቈጠር ወደዚያ ወደ ሱዳኑ ጉዞ ዘመን ያደርሰናል። የሚናገረው አማርኛ የእኛ ነው፤ ልጁን የሚዘልፍበት ቃል የእኛ ነው፤ ከሁሉም በላይ ዝምታው የእኛ ነው። በአሜሪካ ገንዘብ፣ በእንግሊዛዊ አዘጋጅ፣ በእንግሊዝኛ የተሠራውን ፊልም «የእኛ» ብለን፣ ኢትዮጵያ በተወለደ አዘጋጅ፣ በኢትዮጵያዊ መሪ ተዋናይ፣ በአማርኛ የተሠራውን «የእነርሱ» የምንለው በምን ሚዛን ነው?

ከአል ባርሻ ሲታይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚህ ማንም አያረጅም። የመኖሪያ ፈቃዳችን ከሥራችን ጋር የተሰፋ ስለሆነ ሥራው ሲያበቃ ሰውዬውም ይሄዳል፤ ሽምግልና የሚኖረው በአገር ቤት ብቻ ነው። መሰጋንዮ ወደ ልጆቹ አገር መጥቶ በቤታቸው መካከል እንግዳ ሆነ፤ የእኛ አባቶች ግን በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋ ተቀምጠው በስልክ ብቻ አባት ይሆናሉ። አንዳንድ ጊዜ አቅም ያለው ልጅ አባቱን በጉብኝት ቪዛ ለሠላሳ ወይም ለስድሳ ቀን ያመጣል። አንድ እንዲህ ያሉ አባት አይቻለሁ፤ ልጆቻቸው በፈረቃ ሥራ ላይ ሲሆኑ በትልቁ የገበያ ሕንፃ አጠገብ ባለ አፓርትማ ሳሎን ውስጥ፣ ውጭው እሳት ሆኖ ሳለ፣ በአየር ማቀዝቀዣው ብርድ ጋቢ ደርበው፣ ማጥፊያውን ማን እንደሚያሳያቸው ሳይጠይቁ ይቀመጡ ነበር። «አባባ፣ ላጥፋልዎት?» ብላቸው «ተዪው ልጄ፣ የእናንተ ነገር ነው» አሉኝ። ደበበ በዚያ ፊልም ውስጥ የያዙት ይህን ነው፤ የእናንተ ነገር ነው ብሎ የሚተው፣ ግን ደግሞ የእኔ ነበረ ብሎ በውስጡ የማይተው ሰው።

ሌላም የተለመደ አነጋገር አለ። ደበበ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚው ፓርቲ መሪዎች ጋር ታስረው እንደ ነበር፣ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻም ዳግመኛ እንደ ታሰሩ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በፊታቸው ላይ የምናየው ሥቃይ የእስር ቤቱ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን አልቀበልም። መከራ የደረሰበት ሁሉ ተዋናይ ቢሆን ኖሮ አገራችን በታላላቅ ተዋንያን በተሞላች ነበር። መሰጋንዮን የሠራው ጥበብ ነው፤ ምን ያህል እንደሚያሳይና ምን ያህል እንደሚሸሽግ ለክቶ የሚያውቅ፣ በዐሥርተ ዓመታት ልምምድ የተገኘ ጥበብ። የተዋናይን ሥራ ወደ ሕይወቱ ታሪክ መልሶ ማስረዳት ድካሙን መንጠቅ ነው።

ያወደስሁትን ፊልም ሳልመረምር ባልፍ ግን የተቃወምሁትን ልማድ ራሴ ደገምሁት ማለት ነው። አንድ እሑድ በአል ባርሻ በአንድ ወዳጃችን ቤት «ቀይ ቅጠሎች»ን አብረን አየን። አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ፤ በሳምንት ያላቸው የዕረፍት ቀን ያ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ አንድ ወጣት «ጋሽ ደበበ እኮ ድሮም ሆሊውድ የሠሩ ናቸው» ብሎ ያንኑ ጀመረ። ከእርሱ ቀጥላ አንዲት በዕድሜ ከፍ ያለች እኅታችን፣ ዕቃ እያነሣች፣ «እናትየው ግን ምን ትል ነበር?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። እኔም አልመለስሁም፤ ጥያቄው ግን በፊልሙ ላይ ከተነሡት ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት።

በእርግጥም የመሰጋንዮ ሚስት ታሪኩ ሳይጀምር ሞታለች። በሊር ተውኔትም ንግሥቲቱ የለችም፤ አዘጋጁ ይህን ባዶ ቦታ እንደ ነበረ ተቀበለው። ነገር ግን በስደት ቤት ውስጥ ይህ ባዶ ቦታ ቀላል አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ አባት ዕብራይስጥ ሳይማር የኖረው፣ የአባቶቹን ሥርዓት ሳያፈርስ የኖረው፣ በእርሱና በውጭው ዓለም መካከል አንዲት ሴት ቆማ ስለ ነበረ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ ገበያ የወጣች፣ ከልጆቹ ቋንቋ ወደ እርሱ ቋንቋ ያስተረጎመች፣ ቁጣውን በመካከል የተቀበለች። አባትየው የጠበቀው የሚመስለው ባህል በእርሷ ጉልበት የተጠበቀ ነው። ፊልሙ የእርሱን ማጣት ያሳየናል፤ ያጣው ግን ማንን እንደሆነ አያሳየንም። ልጆቹና ምራቶቹም በአብዛኛው የሚታዩት በእርሱ ዐይን ነው፤ ትክክል ሲሆኑ እንኳ ትክክልነታቸውን የሚናገሩበት ሙሉ ጊዜ አይሰጣቸውም። የደበበ ትወና በበረታ መጠን ይህ ጉድለት ይገዝፋል፤ ፊታቸው ሸራውን ሁሉ ስለሚይዝ ከጎናቸው ሌላ ሰው እንዲቆም ቦታ አይተርፍም። ያም የተዋናዩ ጥፋት ሳይሆን አዘጋጁ በመሪ ተዋናዩ ተማርኮ የከፈለው ዋጋ ነው።

እዚህ አገር ያለን ኢትዮጵያውያን እኩሌታችንና ከዚያም በላይ ሴቶች ስለሆንን ይህን ነገር አቃልለን ልናልፈው አንችልም። የአባትን ቤት ጣራ በቆርቆሮ የለወጠች፣ የወንድሟን ትምህርት የከፈለች፣ የታናሽ እኅቷን ሠርግ የደገሰች ልጅ ከአባቷ ፊት ለፊት ስትቀመጥ ሥልጣን ያለው የትኛው ነው? አባቷ ያለ እርሷ ገንዘብ መኖር አይችልም፤ እርሷ ያለ እርሱ ምርቃት ወደ አገሯ መመለስ አትችልም። ከሊር ልጆች የማንኛቸውም ታሪክ ይህን አይመስልም፤ ስለዚህ ከሊር ልንወስደው አንችልም፣ ራሳችን እንጽፈው ዘንድ ግድ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ብሔራዊ ቴአትር፣ ወይም ሲኒማ ቤት ያለው ማንኛውም ተቋም፣ «ቀይ ቅጠሎች»ን ከአማርኛ ግርጌ ጽሑፍ ጋር አምጥቶ ለጥቂት ቀናት ያሳይ፤ ተዋንያንን የሚያስተምሩ መምህራን ደቀ መዛሙርቶቻቸውን ይዘው ይምጡና የመሰጋንዮን ዝምታ ነጠላ በነጠላ ያስተርጉሟቸው፤ ስለ ደበበ እሸቱ የሚጽፍ ሰውም ከመሰጋንዮ ይጀምርና ዋሳን በቦታው ያስቀምጠው። ድርሰት የሚጽፉ ደግሞ የዚያችን ዕቃ የምታነሣ ሴት ጥያቄ ይዘው ወደ ጠረጴዛቸው ይቀመጡ፤ አባቱን ደበበ በዚህ ልክ ስለ ሠሩት፣ ከእንግዲህ የሚጻፈው የእናትዮዋና የልጅቱ ታሪክ ነው፤ ተዋናዮቹም ዛሬ በመድረክ ላይ አሉ።